የፓይን ዛፍ አበባ እምቡጥ በየወቅቱ፦ አንድ ቅርንጫፍ ይዞ እንዴት መከታተል ይቻላል

መሬት ላይ ወድቆ ያገኛችሁት ደረቅ የፓይን ፍሬ የዘንድሮ ሥራ አይደለም። ዛፉ እሱን ማዘጋጀት የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በአንዲት እምቡጥ ውስጥ፣ በዓይን በማይታይ መጠን ጀመረው። ይህን የገባው ሰው ፓይንን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። ዘር መቼ እንደሚለቅም፣ ቅርንጫፍ መቼ እንደሚቆርጥ፣ የከርሞው ፍሬ ብዙ ይሁን ጥቂት ከወዲሁ መገመት ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ ዛፍ፣ ጥቂት ቅርንጫፎችና ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ በስሙ እንግባባ። በአማርኛ «ጥድ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጁኒፐር ነው። «የፈረንጅ ጥድ» የሚባለው ደግሞ ሳይፕረስ ነው። ሁለቱም ፓይን አይደሉም። ፓይን ቅጠሉ እንደ መርፌ ረጅምና ቀጭን ነው፤ መርፌዎቹም በአብዛኛው 2፣ 3 ወይም 5 እየሆኑ ከሥራቸው በአንድ ስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይወጣሉ። አንድ ጥቅል ነቅላችሁ ቁጠሩ፤ አትሳሳቱም።

«አበባ» የሚለውን ቃልም ለለመደ ጆሮ ብለን እንጠቀምበት እንጂ፣ ፓይን እንደ ጽጌረዳ ያለ እውነተኛ አበባ የለውም። ያለው ሁለት ዓይነት ኮን፣ ማለትም ቅርፊቶች የተደራረቡበት የመራቢያ ክፍል ነው። ወንዴው ትንሽና ለስላሳ ነው፤ የአበባ ብናኝ በትኖ ይረግፋል። ሴቴዋ ደግሞ ኋላ እንጨት መስላ የምትጠነክረው፣ ዘር የምትሸከመው ናት። ሁለቱም በአንድ ዛፍ ላይ ይገኛሉ።

1. ዛፉንና ቅርንጫፉን ምረጡ

ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ፣ ከሌሎች ጋር ያልተፋፈገ ዛፍ ፈልጉ። ላዩ ላይ ወይም ሥሩ አሮጌ ኮን ካለ ለመውለድ ደርሷል ማለት ነው። ጭራሽ ኮን የሌለበት ለጋ ዛፍ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ወንዴዎቹና ሴቴዎቹ ቦታቸው ይለያያል። ሴቴዎቹ የሚበዙት ወደ ዛፉ አናት፣ ጠንከር ብለው በሚያድጉ ቅርንጫፎች ላይ ነው። ወንዴዎቹ ከመሃል ወደ ታች፣ ቀጠን ባሉት ላይ ይበዛሉ። ስለዚህ ከታች ብቻ ካያችሁ «ይህ ዛፍ ሴቴ የለውም» ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ዛፍ ላይ መውጣት ግን አያስፈልግም። ተዳፋት ላይ የቆመ ዛፍ ፈልጉና ከላይ በኩል ቁሙ፤ አናቱ በዓይናችሁ ትክክል ይሆናል። ያ ካልተገኘ ባይኖኩላር ይበቃል።

ከላይ ሦስት፣ ከታች ሦስት ቅርንጫፎች ይበቃሉ። በየአንዳንዱ ላይ ለስላሳ ሪባን እሰሩና ቁጥር ጻፉበት። ሪባኑን የምታስሩት ባለፈው ዓመት ባደገው፣ እንጨት በሆነው ክፍል ላይ ነው። ላላ አድርጉት፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ቅርንጫፎች በቀጭን ሽቦ ነበር ያሰርኳቸው። በዓመቱ ስመለስ ሽቦው ቅርፊቱን ቆርጦ ገብቶ፣ ከሱ በላይ ያለው በሙሉ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ሽቦ በአጠገቡ አላደርስም።

ከሪባኑ ሌላ ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና አጉሊ መነጽር ያዙ። እርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ስለሚደማ ነው። ሙጫው እጃችሁ ላይ ከተጣበቀ በሳሙና አትታገሉ፤ በምግብ ዘይት አሽታችሁ ከዚያ ታጠቡ።

2. ቅርንጫፉን እንደ ማስታወሻ አንብቡት

ምንም ከመጠበቃችሁ በፊት ቅርንጫፉ ላይ ያለፈው ታሪክ ተጽፏል። ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ግንዱ ሂዱ። በዓመት አንድ ጊዜ በሚያድጉ ዝርያዎች ላይ፣ ቅርንጫፎች ዙሪያውን ተሰብስበው የሚወጡበት አንጓ አለ። ከአንጓ እስከ አንጓ አንድ ዓመት ነው። ቅዝቃዜ በማይበረታበት አገር የሚበቅሉ ብዙ ፓይኖች ግን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚያቆጠቁጡ ይህ ቆጠራ ያሳስታል። እዚያ ሪባናችሁንና ደብተራችሁን ብቻ እመኑ።

አሁን ቅርንጫፉን በጣታችሁ ዳብሱት። መርፌ ቅጠሉ ድንገት ተቋርጦ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቁቱን የቀረ ቦታ ታገኙ ይሆናል። ከዚያ በላይ ቅጠሉ እንደገና ይቀጥላል። ቅጠሉን በሽታ ያረገፈው እንዳይመስላችሁ። ያ ቦታ በዚያ ዓመት ወንዴ ኮኖች የነበሩበት ነው። እነሱ የቅጠሎቹን ቦታ ይዘው ወጡ፣ ብናኛቸውን በተኑ፣ ረገፉ። ቅጠል እዚያ ቦታ ላይ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ራቁት ቦታዎቹን በመቁጠር ቅርንጫፉ በየትኞቹ ዓመታት ወንዴ እንዳወጣ ማወቅ ይቻላል። ለእኔ በፓይን ላይ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

3. በብርዱ ወቅት አንድ እምቡጥ ሰንጥቃችሁ እዩ

ዛፉ እድገቱን ባቆመበት፣ ብርዱ በገባበት ጊዜ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያለችው እምቡጥ የተዘጋች ትመስላለች። ቡናማ ቅርፊቶች ጠቅልለዋታል፤ በብዙ ዝርያዎች ሙጫም ለብሳለች። ውስጧ ግን የከርሞው ቅርንጫፍ በትንሹ ተሠርቶ አልቋል።

ምልክት ካላደረጋችሁበት ቅርንጫፍ አንድ ወፈር ያለ እምቡጥ ቁረጡ። በስለታም ምላጭ ከጫፍ እስከ ሥር ለሁለት ሰንጥቁት። ምላጩን በመሃል ቀጥ አድርጋችሁ ካላስገባችሁት ይጨፈለቃልና ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ።

መሃሉ ላይ አረንጓዴ ነጭ የሆነ ምሰሶ አለ። በምሰሶው ግራና ቀኝ፣ ከየቅርፊቱ ብብት ሥር ትናንሽ ጉብታዎች ተደርድረዋል። ቅደም ተከተላቸው አይዛባም። ከታች መጀመሪያ ባዶ ቅርፊቶች ናቸው። ከነሱ በላይ፣ እምቡጡ ወንዴ የያዘ ከሆነ፣ ክብ ክብ ያሉ ወፈር ያሉ ጉብታዎች ይታያሉ፤ እነዚያ የወንዴ ኮኖች ናቸው። ከዚያ ረዘም ያለ ክፍል ላይ ቀጭን ጉብታዎች ይከተላሉ፤ እነሱ የመርፌ ቅጠል ጥቅሎች ይሆናሉ። ከጫፉ አጠገብ ደግሞ ጥቂት ጉብታዎች አሉ፤ ወይ ሴቴ ኮን ወይ የጎን ቅርንጫፍ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ሁለቱ በዚህ ዕድሜያቸው በእጅ አጉሊ መነጽር አይለዩም። አትጨነቁ፤ ለዚያ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ወንዴዎቹ ግን በግልጽ ይታወቃሉ፤ ብዙ ወንዴ የያዘ እምቡጥ ሳይሰነጠቅም ከሥሩ በኩል አበጥ ብሎ ይታያል።

ይህ ሁሉ መቼ ተሠራ? ወንዴዎቹ ቀድመው ነው የሚጀመሩት፤ ባለፈው የሙቀት ወቅት አጋማሽ አካባቢ። ሴቴዎቹ የሚጀመሩት ዘግይተው፣ ሙቀቱ ሊያልቅ ሲል ነው። እምቡጡ ከሥር ወደ ላይ እየተገነባ ስለሚሄድ መጀመሪያ የተሠራው ከታች፣ መጨረሻ የተሠራው ከላይ ይገኛል። የሰነጠቃችሁት ነገር የአንድ ወቅት የጊዜ ሰሌዳ ነው ማለት ይቻላል።

4. እንደ ሻማ ሲቆም በየሳምንቱ ሂዱ

ቅዝቃዜው ሲለቅ እምቡጧ ትረዝማለች። ቅርፊቶቹ ይላቀቃሉ፤ ቀንበጡ ቀጥ ብሎ ነጣ ያለ ሻማ ይመስላል። መካከለኛ የአየር ጠባይ ባላቸው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አገሮች ይህ በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቀን መቁጠሪያ አይዛችሁ። ጊዜውን የሚወስነው የተጠራቀመው ሙቀት ነው፤ በሞቀ ዓመት ይቀድማል፣ በቀዘቀዘ ዓመት ይዘገያል። ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታም ይዘገያል። ሻማው መርዘም ሲጀምር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቀለም መታየት ሲጀምር በየሁለት ቀኑ ሂዱ።

በዚህ ጊዜ ወንዴና ሴቴ በደንብ ይለያሉ። ወንዴዎቹ ከአዲሱ ቀንበጥ ሥር ተጠጋግተው፣ እንደ ትንሽ ዘለላ ይወጣሉ። ቀለማቸው እንደ ዝርያው ቢጫ፣ ብርቱካንማ ወይም ቀላ ያለ ነው። ሴቴዋ ከጫፉ አጠገብ፣ አንድ ወይም ሁለት ሦስት ሆና ትቀመጣለች። ከአንድ ሴንቲሜትር ታንሳለች፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሐምራዊ ናት። መጀመሪያ ያየኋት ቀን በሽታ መስላኝ ልቆርጣት ነበር። እንዲህ የደመቀ ቀይ ነገር ከዚያ ሁሉ አረንጓዴ ውስጥ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። አጉሊ መነጽሩን ሳስጠጋ ግን ቅርፊቶቿ እንደ ጽጌረዳ ዙሪያውን በሥርዓት ተደርድረው አየሁ። ምላጩን አስቀመጥኩት።

5. ርክበ ብናኙን በደረጃ መዝግቡ

ርክበ ብናኝ ማለት የወንዴው ብናኝ ሴቴዋ ዘንድ መድረሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ችኮላ የሚጠይቀው ይህ ብቻ ነው፤ አንድ ሳምንት ከቀራችሁ ያልፋችኋል።

ለወንዴዎቹ ቀላል ፈተና አለ። ከዘለላው ሥር ጥቁር ወረቀት ያዙና ቅርንጫፉን በጣት መታ አድርጉት። ምንም ካልወረደ ገና ነው። ትንሽ ቢጫ ዱቄት ከወረደ ጀምሯል። ደመና ሆኖ ከተነሣ ደርሷል። ይህን የምታደርጉት ደረቅና ፀሐያማ በሆነ ቀን፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ነው። እርጥበት ባለበት የብናኝ ከረጢቶቹ አይከፈቱም፤ ስለዚህ በዝናብ ማግስት ጠዋት «ገና ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ብናኙ በብዛት መውጣቱን በሌላ መንገድም ታውቃላችሁ፤ የቆመ ውኃ ዳርዳሩን ቢጫ ቀለበት ይሠራል።

ለሴቴዋ የምጠቀምበት ቁጥር ይህ ነው፦

0፦ በእምቡጥ ቅርፊት ተሸፍናለች፤ አትታይም።
1፦ ጫፏ ብቅ ብሏል።
2፦ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች፤ ቅርፊቶቿ ግን ገና እርስ በርስ ተጠግተዋል።
3፦ ቅርፊቶቿ ተራርቀዋል፤ በመካከላቸው ክፍተት ይታያል። ብናኝ የምትቀበለው አሁን ነው።
4፦ ቅርፊቶቿ ወፍረው ተዘግተዋል። ከአሁን በኋላ ብናኝ አይገባም።

ደረጃ 3 የሚቆየው በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ነፋስ ያመጣው ብናኝ በክፍተቱ ገብቶ ወደ ውስጥ ይንከባለላል። እዚያ ወደፊት ዘር ከሚሆነው ክፍል አፍ ላይ አንዲት የፈሳሽ ጠብታ ትጠብቀዋለች። የፓይን ብናኝ በሁለት ጎኑ አየር የያዙ ሁለት ከረጢቶች አሉት። ሴቴዋ በዚህ ጊዜ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው፤ አፉ ደግሞ ወደ ታች ያያል። በመሆኑም ብናኙ በጠብታዋ ውስጥ እንደ ጀልባ እየተንሳፈፈ ወደ ላይ፣ ወደ አፉ ይገባል። ከረጢቶቹ በነፋስ ለመብረር ብቻ ይመስሉኝ ነበር፤ ትልቁ ሥራቸው እዚህ እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በደብተራችሁ ላይ የወንዴውንም የሴቴዋንም ቀን ለየብቻ ጻፉ። በአንድ ዛፍ ላይ ሴቴዎቹ ብዙ ጊዜ ከወንዴዎቹ ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ይከፈታሉ። ይህ ዛፉ በራሱ ብናኝ ብቻ እንዳይዳቀል ያግዛል፤ ከራሱ ጋር የተዳቀለ ፓይን ባዶ ዘር ያበዛልና።

በደረጃ 3 ላይ ውርጭ ቢወርድ ሴቴዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቡናማ ሆነው ይደርቃሉ። ይህን ከነቀኑ በደብተራችሁ ላይ መዝግቡት። ከሁለት ዓመት በኋላ «ዘንድሮ ፍሬው የት ሄደ?» ሲባል መልሱ እዚያ ገጽ ላይ ይገኛል።

6. ዝም ያለው ዓመት

ብናኝ የገባላት ሴቴ ወዲያው ፀነሰች ማለት አይደለም። ብናኙ ትንሽ ቱቦ ማብቀል ይጀምርና ያቆማል። ከብርዱ ወቅት አልፎ፣ በሚቀጥለው የሙቀት መባቻ ነው የሚቀጥለው። በርክበ ብናኝና በጽንሰት መካከል አንድ ዓመት ገደማ ያልፋል። ለአብዛኞቹ ዕፅዋት ይህ በቀናት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ነገር ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙ የሚመዘገብ የለም። ወንዴዎቹ ደርቀው ይረግፋሉ። ሴቴዋ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ትሆናለች፤ በብዙ ዝርያዎች አንገቷን ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ታዞራለች። ዓመቱ ሲያልቅ ከአተር ብዙም አትበልጥም። በወር አንድ ጊዜ ሂዱና ስንቶቹ እንደቀሩ ቁጠሩ። መርገፋቸው አያስደንግጣችሁ፤ ብናኝ በበቂ ያላገኘች ሴቴ በመጀመሪያው ዓመት ትወድቃለች።

7. በሁለተኛው ዓመት እድገቷን ለኩ

አሁን ቅርንጫፉ ላይ ሦስት ትውልድ በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። ከጫፉ የዘንድሮዋ ትንሿ ቀይ ሴቴ አለች። ከሷ ዝቅ ብሎ፣ የዘንድሮው ቀንበጥ ከተነሣበት ቦታ፣ ያምናዋ በፍጥነት እያደገች ያለች አረንጓዴ ኮን ናት። ከዚያም ወረድ ሲል ተከፍቶ ዘሩን ያራገፈ ቡናማ ኮን አለ። ፍሬ ለመገመት የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የተከፈቱትን አሮጌዎች ከዘንድሮ ይቆጥራል። የዘንድሮ ዘር ያለው በመሃለኞቹ አረንጓዴዎች ውስጥ ብቻ ነው። ጫፍ ላይ ያሉትን ትንንሾች ደግሞ ለየብቻ ቁጠሩ፤ የከርሞ ግምታችሁ እነሱ ናቸው።

ለምሳሌ ስኮትስ ፓይን ላይ ያቺ አተር የምታክለው ኮን በአንድ የሙቀት ወቅት ከ3 እስከ 7 ሴንቲሜትር ትደርሳለች። በየሁለት ሳምንቱ ርዝመቷን ለኩ። መርዘሟን ስታቆም ዘሩ ውስጥ ውስጡን መብሰል ይቀረዋል። ሁሉም ዝርያ ግን በሁለት ዓመት አይደርስም፤ ፍሬው የሚበላው ስቶን ፓይን ሦስት ዓመት ይፈጃል።

መድረሷን በቀለም ብቻ አትወስኑ። አረንጓዴው ወደ ቡናማ ሲዞር አንድ ኮን በርዝመቷ ሰንጥቁ። የዘሩ ልባስ ጠቁሮ፣ ክንፉ ቡናማ ሆኖ፣ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ፣ በመሃሉ ያለችው ጽንስም ቦታዋን ልትሞላ ከተቃረበች ልቀሙ። ውስጡ ወተት ከመሰለ ጠብቁ። ያለ ጊዜው የተለቀመ ኮን ቢደርቅም በደንብ አይከፈትም፤ ቢከፈትም ዘሩ ደካማ ነው። የለቀማችሁትን ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ስስ አድርጋችሁ አስጡ። ሲደርቅ ቅርፊቶቹ ራሳቸው ይከፈታሉ። እንደ ሎጅፖል ፓይንና ጃክ ፓይን ያሉት ግን ብዙዎቹ ኮኖቻቸው በሙጫ ስለታተሙ ከፍ ያለ ሙቀት ካላገኙ አይከፈቱም፤ በተፈጥሮ የሚጠብቁት የደን እሳትን ነው።

8. ለሚቀጥሉት እምቡጦች ጥንቃቄ

ፍሬ የምትፈልጉ ከሆነ በሻማው ጊዜ ጫፉን አትቁረጡ። ሴቴዎቹ ያሉት ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ መቀስ የሁለት ዓመት ፍሬ ይወስዳል። ቅርጹ እንዲያምር በየዓመቱ የሚከረከም ፓይን ፍሬ አልባ የሚሆነው በዚሁ ነው። መቁረጥ ግድ ከሆነ ከታች ያሉትን የደረቁትን ወይም ጥላ የዋጣቸውን ቅርንጫፎች አንሡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ብርሃን ነው። የተፋፈገውን ማሳሳት ኮን ያበዛል፤ ውጤቱ የሚታየው ግን በማግስቱ አይደለም፤ እምቡጡ፣ ርክቡ፣ ብስለቱ ተራቸውን መጠበቅ አለባቸው። በብዙ ዝርያዎች ሞቃትና ደረቅ ያለ የእምቡጥ ወቅት በቀጣዩ ዓመት ብዙ አበባ ያመጣል። የዘር ዛፍ የሚያለሙ ባለሙያዎች ጂበረሊን የሚባለውን የዕፅዋት ሆርሞን የሚሰጡትም በዚሁ ሰዓት፣ እምቡጡ ገና በሚወሰንበት ጊዜ ነው። ብዙ የወለደ ዛፍ በቀጣዩ ዓመት ቢያርፍ ተፈጥሮው ነው፤ ኢስተርን ዋይት ፓይን ጥሩ ዘር የሚያፈራው ከ3 እስከ 5 ዓመት እየቆየ ነው።

የደረሰውን ኮን በምትለቅሙበት ቀን ቀና ብላችሁ የዚያኑ ቅርንጫፍ ጫፍ እዩ። አዲሷ እምቡጥ ተዘግታ ቆማለች፤ የከርሞው ወንዴና ሴቴ ውስጧ አሉ። አሮጌውን ሪባን ፍቱና ወደሷ ጠጋ ብሎ ባለው፣ እንጨት በሆነው ክፍል ላይ እሰሩት። ላላ ይሁን።